ውቅያኖሱ መቼ ነው የሚመጣው?

በቅርቡ ለሥራ ጉዳይ ድሬዳዋ ወርጄ ነበር። በሙያዬ የጉድጓድ ውሃ ጂኦሎጂስት ነኝ። ዓመቱን ሙሉ የማየው ከመሬት ሆድ የወጣ ድንጋይና አሸዋ ነው። ሥራዬን ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ስጨርስ፣ የድሬ ልጅ የሆነው ጓደኛዬ «አቦ፣ ሐርላን ሳታይማ አትሄድም!» ብሎ በመኪናው ይዞኝ ወጣ።

ሐርላ ከድሬዳዋ በስተደቡብ ምሥራቅ 15 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ወደ ሐረር በሚያወጣው አቀበት ላይ የምትገኝ የገበሬዎች መንደር ናት። ስሟ በዓለም የተሰማው በሰኔ ወር 2009 ዓ.ም ነበር። የእንግሊዙ ኤክሰተር ዩኒቨርሲቲ አርኪዮሎጂስት ቲሞቲ ኢንሶልና ባልደረቦቻቸው ከኢትዮጵያ የቅርስ ጥናትና ጥበቃ ባለሥልጣን ጋር ባካሄዱት ቁፋሮ በ12ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራ መስጊድ፣ የጌጣ ጌጥ መሥሪያ ቦታ፣ የብርጭቆ ዶቃዎች፣ የግብፅ ሳንቲሞች፣ እንዲሁም ከየመንና ከቻይና ድረስ የመጡ ዕቃዎች ማግኘታቸውን ያስታወቁት ያኔ ነው።

መንደሩን ዞረን ካየን በኋላ ጓደኛዬ ከሚያውቃቸው አንድ አዛውንት ደጃፍ ተቀመጥን። እሳቸው በኦሮምኛ ይናገራሉ፤ ጓደኛዬ ያስተረጉማል። «ይሄ ስለ መሬት የተማረ ነው» ብሎ ሲያስተዋውቀኝ ሽማግሌው ሽርጣቸውን ሰብስበው ወደ እኔ ዞሩ።

«ልጄ፣ አፋር ላይ መሬቱ ተሰንጥቆ ውቅያኖስ ይገባል ሲሉ እንሰማለን። መቼ ነው የሚመጣው?»

«አባቴ፣ አይስጉ፤ የሚሊዮን ዓመታት ጉዳይ ነው። ቀኑን የሚያውቅ የለም» አልኳቸው።

ሳቁ። «ቀኑን ካላወቃችሁ መምጣቱን በምን አወቃችሁ?»

ጓደኛዬም ሳቀ። እኔ ግን ወዲያው የምመልሰው አጣሁ። በዩኒቨርሲቲ አራት ዓመት ስማር እንዲህ ያለ የፈተና ጥያቄ ገጥሞኝ አያውቅም። አዲስ አበባ ከተመለስኩ በኋላም ጥያቄው አልለቀቀኝም። ምክንያቱም በ2017 ዓ.ም የአዋሽ ፈንታሌ መሬት ሲንቀጠቀጥ፣ የተማረውም ያልተማረውም የከተማ ሰው በየቢሮውና በየማኅበራዊ ድረ ገጹ ሲከራከር የነበረው በዚሁ ጥያቄ ላይ ነው። «ሳይንቲስቶቹ ያውቃሉ ወይስ አያውቁም?» የሚል ክርክር ነበር። የእኔ መልስ «ያውቃሉም፣ አያውቁምም» የሚል ነው። ዋናው ነገር የትኛውን እንደሚያውቁና የትኛውን እንደማያውቁ መለየቱ ላይ ነው።

ገደሉ ምን ይላል?

ነገሩን ለማስረዳት ከሐርላ የተሻለ ቦታ ማግኘት ይቸግራል። ከአቀበቱ ላይ ወደ ሰሜን የሚመለከት ሰው ከእግሩ በታች የድሬዳዋን ሜዳ፣ ከዚያም ወዲያ እስከ አፋር የሚዘልቀውን ቆላ ያያል። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1200 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ናት። የደንገጎ አፋፍ ደግሞ ከ2000 ሜትር በላይ ነው። በዚህች አጭር መንገድ ውስጥ ተሳፋሪው ከሙቀት ወደ ብርድ ይገባል፣ ጆሮውም ይደፈናል።

ይህ አቀበት ተራ ተራራ አይደለም። የመሬት ቅርፊት ተሰንጥቆ ሰሜናዊው ጎን ደረጃ በደረጃ የወረደበት ገደል ነው። ማስረጃው ድንጋዩ ነው። በድሬዳዋ አካባቢ ለሲሚንቶ የሚቆፈረው የኖራ ድንጋይ ከ150 ሚሊዮን ዓመታት ገደማ በፊት፣ አገሩ በባሕር ተሸፍኖ በነበረበት ዘመን የተነጠፈ ነው። ያው ድንጋይ ከፍ ብሎ በገደሉ ላይም ይገኛል። በአንድ ባሕር ወለል ላይ የተነጠፈ ድንጋይ ዛሬ አንዱ ከላይ፣ ሌላው ከታች ሆኖ ሲገኝ፣ ወይ የላይኛው ወጥቷል ወይ የታችኛው ወርዷል። ከዚህ ሌላ ማብራሪያ የለውም።

ድሬዳዋ ራሷ የዚህ ገደል ልጅ ናት ቢባል ማጋነን አይሆንም። ከጅቡቲ የተነሳው የባቡር ሐዲድ ሐረር መግባት የነበረበት ቢሆንም፣ ገደሉን ማስወጣት ከባድ በመሆኑ መሐንዲሶቹ ታች ሜዳው ላይ ቀሩ። በ1895 ዓ.ም ባቡሩ ሲደርስ የተቆረቆረችው ከተማም መጀመሪያ «አዲስ ሐረር» ተብላ ነበር። ስምጥ ሸለቆው ባይኖር ኖሮ ከዚራም፣ ለገሀርም፣ መጋላም ባልኖሩ ነበር።

የምድር ቅርፊት እንደተሰነጣጠቀ የእንቁላል ልጣጭ በትላልቅ ክፍሎች የተከፋፈለ ነው። እነዚህን ክፍሎች የሙያው ሰዎች ፕሌት ይሏቸዋል። አፋር ላይ ሦስት ፕሌቶች ይገናኛሉ። አብዛኛውን አፍሪካ የያዘው የኑቢያ ፕሌት፣ ምሥራቃዊውን ክፍል የያዘው የሶማሊያ ፕሌትና የዓረቢያ ፕሌት ናቸው። አዲስ አበባ በኑቢያ ፕሌት ጠርዝ ላይ ስትሆን፣ ድሬዳዋና ሐረር በሶማሊያው በኩል ናቸው። ስለዚህ ከፉሪ ለቡ ባቡር ተሳፍሮ ወደ ድሬዳዋ የሚሄድ ሰው መተሃራና አዋሽ አካባቢ ሲደርስ ያለ ቪዛ ከአንዱ ፕሌት ወደ ሌላው ይሻገራል ማለት ነው።

እነዚህ ሁለቱ በዓመት ከ5 እስከ 6 ሚሊ ሜትር ይራራቃሉ። ይህም ጥፍራችን በሁለት ወር ገደማ የሚያድገውን ያህል ነው። ዓረቢያ ፈጠን ትላለች፤ ከአፍሪካ በዓመት ከ15 እስከ 20 ሚሊ ሜትር ትርቃለች። ይህ በግምት የተነገረ አይደለም። በአለት ላይ የተተከሉ የጂፒኤስ መቀበያዎች ከሳተላይት ጋር እየተነጋገሩ ከዓመት ዓመት የመዘገቡት ልኬት ነው። የምድር ባቡር አዲስ አበባ ከገባበት እ.ኤ.አ. ከ1917 ወዲህ በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው ርቀት ግማሽ ሜትር ያህል ጨምሯል።

እንግዲህ ለአዛውንቱ የመልሴ የመጀመሪያ ክፍል ይኸው ነው። መሬቱ መለያየቱ ትንቢት አይደለም። እየተለካ ያለ ነገር ነው።

ከመሳቂያነት ወደ መማሪያ መጽሐፍ

ይህ ዛሬ የሰባተኛ ክፍል ተማሪ የሚያውቀው ነገር ግን ከመቶ ዓመት በፊት መሳቂያ ነበር። ጀርመናዊው አልፍሬድ ዌግነር አህጉራት አንድ ላይ እንደነበሩና በኋላ እንደተለያዩ እ.ኤ.አ. በ1912 ሲናገር የሙያው ሊቃውንት አልተቀበሉትም። የመሬት ሳይንስ ሰው ሳይሆን የአየር ጠባይ ተመራማሪ መሆኑም እንደ ጉድለት ተቆጠረበት። የአፍሪካና የደቡብ አሜሪካ ዳርቻዎች መገጣጠማቸውን፣ በሁለቱም በኩል አንድ ዓይነት ቅሪተ አካልና አለት መኖሩን ቢያሳይም፣ አህጉር የሚያህለውን ነገር የሚገፋው ኃይል ምን እንደሆነ ማስረዳት አልቻለም። እ.ኤ.አ. በ1930 በግሪንላንድ በረዶ ላይ ሲሞት ሐሳቡ ተቀባይነት አላገኘም ነበር።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የምንዘነጋው ነገር አለ። ተቺዎቹ ሁሉ ግትር ስለነበሩ ብቻ አይደለም የተቃወሙት። ዌግነር ያቀረበው የሚገፋ ኃይል በእርግጥም ስህተት ነበር። ግሪንላንድ ትሄዳለች ያለው ፍጥነትም ከልክ በላይ የተጋነነ ነበር። በዋናው ነገር ትክክል፣ በዝርዝሩ ስህተት ነበር ማለት ነው።

ሚዛኑን ያዞረው ከባሕር በታች የተገኘ መረጃ ነው። በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አሜሪካዊቷ ሜሪ ታርፕ የአትላንቲክን ወለል ካርታ ስታነሳ በውቅያኖሱ መካከል የሚያልፍ ረጅም ሸለቆ አየች። የሥራ ባልደረባዋ ብሩስ ሂዘን መጀመሪያ ላይ የሴት ወሬ ነው ብሎ አጣጣለው። በኋላ የመሬት መንቀጥቀጥ መነሻዎች በዚያው ሸለቆ ላይ ተሰልፈው ሲገኙ፣ ሸለቆውም ከእኛው የምሥራቅ አፍሪካ ስምጥ ሸለቆ ጋር ተመሳሳይ ሆኖ ሲታይ ዝም አለ። በ1960ዎቹ ደግሞ በባሕር ወለል አለቶች ላይ የተገኘው የመግነጢስ አሻራ በሸለቆው ግራና ቀኝ በእኩል ርቀት ተደጋግሞ ተገኘ። ይህም ወለሉ ከመሃል እየተወለደ ወደ ጎንና ጎን እንደሚሄድ የሚያስረዳ ነበር።

ያኔ የዓለም ተመራማሪዎች ፊታቸውን ወደ አፋር አዞሩ። ውቅያኖስ ሲወለድ በእግር እየሄዱ ማየት የሚቻልባቸው ቦታዎች ጥቂት ናቸውና። ሃሩን ታዚየፍ የመራው የፈረንሳይና የጣሊያን ቡድን እ.ኤ.አ. ከ1967 ጀምሮ በረሃውን አካለለ። እኛም ከዚያ በፊት ጆሯችንን መሬት ላይ ለጥፈን ነበር። ካናዳዊው የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህን ፒየር ጉዋን በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪውን ያቋቋሙት በ1950ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ነው። በኢትዮጵያና በአፍሪካ ቀንድ ስለተከሰቱ የመሬት መንቀጥቀጦች በ1979 (እ.ኤ.አ.) ያሳተሙት መጽሐፍ ዛሬም ድረስ ይጠቀሳል።

ከዚህ ታሪክ የምንወስደው ትምህርት፣ በሳይንስ «እርግጠኛ ነን» የሚባለው አንድ ሊቅ በልበ ሙሉነት ስለተናገረ አለመሆኑን ነው። እርስ በርሳቸው የማይተዋወቁ ምስክሮች፣ ማለትም ቅሪተ አካሉ፣ መግነጢሱ፣ የመሬት መንቀጥቀጡና ሳተላይቱ፣ ተራ በተራ ቀርበው አንድ ዓይነት ቃል ሲሰጡ ነው። በአገራችን ሽምግልናም ቢሆን ሦስትና አራት ምስክር ያለው ነገር ክብደቱ ሌላ ነው።

የመስከረም 1998 ስንጥቅ

ቀስ እያለ የሚሄደው መሬት አንዳንዴ ይቸኩላል። ጉዳዩ ላስቲክ እንደመለጠጥ ነው። ሁለቱ ጫፎች በየዓመቱ ጥቂት ሚሊ ሜትር እየተሳቡ መካከሉ ይወጠራል። አንድ ቀን ሲበቃው ይበጠሳል።

በመስከረም 1998 ዓ.ም በሰሜናዊ አፋር፣ በዳባሁ እሳተ ገሞራ አካባቢ የሆነው ይህ ነው። በሦስት ሳምንት ውስጥ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው የመሬት ክፍል ከውስጥ ተሰነጠቀ፤ ቅልጥ አለትም ስንጥቁን ሞላው። መሬቱ በሰፊው ቦታ ላይ እስከ 8 ሜትር ተከፈተ። መስከረም 16 ቀን ዳኡሬ በተባለው ስፍራ አመድ ፈነዳ። ያ አካባቢ በዓመት 16 ሚሊ ሜትር ያህል ይለያያል ብለን ብናስብ፣ 8 ሜትር ማለት የ500 ዓመት ውዝፍ ዕዳ በሦስት ሳምንት ተከፈለ ማለት ነው።

የአገራችንና የውጭ ተመራማሪዎች በሳተላይት ራዳርና በመሬት መንቀጥቀጥ መመዝገቢያ ያጠኑት ይህ ክስተት የፕሌቶችን መለያየት በዓይን አሳየ። በዚያው ልክ ደግሞ የተጋነነ ወሬ አስከተለ። «በአፍሪካ አዲስ ውቅያኖስ ተወለደ» ተባለ። ስምንቱ ሜትር በአብዛኛው ከመሬት በታች የተከፈተና በቅልጥ አለት የተሞላ መሆኑ ተዘለለና፣ 60 ኪሎ ሜትር የሚረዝም ገደል በአፋር ሜዳ ላይ የተከፈተ መሰለ። ከላይ በግልጽ የታየው ትልቁ ቀዳዳ 500 ሜትር ያህል ብቻ የሚረዝም ነበር።

ኬንያም ከዚህ አላመለጠችም። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2018 ሱስዋ አጠገብ መንገድ የቆረጠ ትልቅ ስንጥቅ ሲታይ «አፍሪካ ለሁለት እየተከፈለች ነው» የሚል ዜና ዓለምን ዞረ። ብዙ የመሬት ሳይንስ ሰዎች ግን ከባድ ዝናብ ልል የሆነውን የእሳተ ገሞራ አመድ አፈር ጠርጎ የከፈተው ቦይ ሊሆን እንደሚችል ወዲያው ተናገሩ። አፍሪካ እየተከፈለች መሆኗ እውነት ነው። የታየው ቦይ ሁሉ ግን የዚያ ማስረጃ አይደለም። ትክክለኛ ሐሳብ በተሳሳተ ማስረጃ ሲደገፍ፣ ማስረጃው የወደቀ ዕለት ሐሳቡም አብሮ የወደቀ ይመስላል።

ለመሆኑ ውቅያኖሱስ? ዳሎል አካባቢ ያለው መሬት አሁንም ከባሕር ወለል በታች 120 ሜትር ገደማ ዝቅ ያለ ነው። ከ120 ሺህ ዓመታት በፊት ገደማ ቀይ ባሕር ወደ ዳናኪል ገብቶ እንደነበረ በበረሃው መካከል ቆሞ የቀረው የባሕር ኮራል ይመሰክራል። ስለዚህ ባሕር ቢመጣ ለአፋር እንግዳ አይደለም። ጊዜውን በተመለከተ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ከ5 እስከ 10 ሚሊዮን ዓመት ነው፤ ከዚያ ያነሰ የሚገምቱም አሉ። ይህ ግን የዛሬው ፍጥነት ካልተለወጠ በሚል ሒሳብ የተሠራ ግምት ነው። ጀምረው የቀሩ ስምጥ ሸለቆዎችም በዓለም ላይ አሉ። ሰሜን አሜሪካ መካከል ላይ ከ1 ቢሊዮን ዓመት በፊት መሰንጠቅ ጀምሮ የቆመ አለ። ስለዚህ የአፋሩ እጅግ የሚገመት፣ ወደ ደቡብ የሚሄደው ዋናው የኢትዮጵያ ስምጥ ሸለቆ መጨረሻ ደግሞ ክፍት የሆነ ጥያቄ ነው። ጋዜጣው «ይሆናል» ያለውን ተመራማሪው «ሊሆን ይችላል» ነው ያለው።

የአዋሽ ፈንታሌ ሌሊቶች

ሚሊዮን ዓመት ማንንም አያስፈራም። ሰው የሚፈራው ዛሬ ማታን ነው።

ከመስከረም 2017 ዓ.ም ጀምሮ በፈንታሌና በዶፈን ተራሮች አካባቢ የመሬት መንቀጥቀጥ ተደጋገመ። በታህሳስ ወር ባሰበት። ታህሳስ 26 ሌሊት ላይ በሬክተር ስኬል 5.7 የተለካ፣ የካቲት 7 ደግሞ 6.0 የተለካ ተመዘገበ። ዶፈን አጠገብ እንፋሎትና ጭቃ ከመሬት ተፈናጠረ። በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ የአፋርና የኦሮሚያ ነዋሪዎች ከቤታቸው ወጡ። አዲስ አበባም በኮንዶሚኒየምና በሕንፃዎች ላይ ያለ ሰው መብራቱ ሲወዛወዝ እያየ ደረጃ ለደረጃ ወረደ። እኔም አራተኛ ፎቅ ላይ ስለምኖር ልጆቼን ይዤ ሁለት ጊዜ ግቢ ውስጥ አድሬያለሁ። ጂኦሎጂስት መሆኔ እንቅልፍ አልሰጠኝም።

ያን ሰሞን ጎረቤቶቼ ሁሉ ወደ እኔ ይመጡ ነበር። «ነገ ማታ በ9 ሰዓት ትልቁ ይመጣል ተብሏል፤ እውነት ነው?» ይሉኛል። ቀንና ሰዓት ጠቅሶ የሚተነብይ መልእክት በየስልኩ ይዘዋወር ነበር። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የጂኦፊዚክስ፣ የሕዋ ሳይንስና አስትሮኖሚ ኢንስቲትዩት ባለሙያዎች፣ ከእነርሱም መካከል ፕሮፌሰር አታላይ አየለ፣ በየመገናኛ ብዙኃኑ እየቀረቡ ያስረዱ ነበር። የመሬት መንቀጥቀጥን ቀንና ሰዓት አስቀድሞ መናገር የሚችል መሣሪያ በዓለም ላይ የለም። ይህ መልስ ግን ብዙውን ሰው አላረካም። «አላውቅም» የሚል ምሁርና «ሐሙስ በ9 ሰዓት» የሚል የፌስቡክ ነቢይ ሲቀርቡ፣ የተጨነቀ ሰው ጆሮውን ለማን እንደሚሰጥ መገመት አያዳግትም።

የሌላውን ዓለም ልምድ እንይ። ቻይና እ.ኤ.አ. በየካቲት 1975 ሃይቸንግ ከተማን ከመንቀጥቀጡ በፊት አስወጥታ ብዙ ሕይወት አተረፈች። ዓለምም «እንግዲህ መተንበይ ተቻለ» ብሎ ተደሰተ። በዓመቱ ከመንፈቅ ገደማ ታንግሻን ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ ተመታችና ከ240 ሺህ በላይ ሰው አለቀ። ሃይቸንግ ላይ ከዋናው በፊት ተደጋጋሚ ትናንሽ መንቀጥቀጦች ነበሩ። ታንግሻን ላይ እንዲያ ያለ ምልክት አልታየም።

የጣሊያን ታሪክ ደግሞ የተገላቢጦሽ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 በላኲላ ከተማ ትናንሽ መንቀጥቀጦች ለወራት ሲደጋገሙ አንድ ሰው ትልቁ ይመጣል እያለ ያስወራ ነበር። ሕዝቡን ለማረጋጋት ባለሙያዎች ተሰበሰቡ፤ በሕዝቡ ዘንድ የቀረው መልእክት «የሚያሰጋ ነገር የለም» የሚል ሆነ። ከስብሰባው በኋላ ሳምንት ሳይሞላ ከተማዋ ተመትታ ከ300 በላይ ሰው ሞተ። በ2012 ስድስት ሳይንቲስቶችና አንድ የመንግሥት ባለሥልጣን በእስራት ተቀጡ፤ በ2014 ግን ስድስቱ ሳይንቲስቶች በይግባኝ ነፃ ተባሉ። ብዙዎች «ሳይንቲስት ባለመተንበዩ ታሰረ» ብለው ይተርኩታል። ክሱ ግን ባለመተንበያቸው አልነበረም። የማይታወቀውን ነገር እንደሚታወቅ አድርጎ ሕዝብን ማረጋጋቱ ነበር ያከራከረው። «ይመጣል» ብሎ ማስፈራራት ስህተት የሆነውን ያህል፣ «አይመጣም» ብሎ ማረጋጋትም ስህተት ነው። ሁለቱም የሌለ እርግጠኝነትን ይሸጣሉ።

«ከ12 ሺህ ዓመት በኋላ»

እሁድ ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም አፋር ውስጥ ሃይሊ ጉቢ የተባለው እሳተ ገሞራ ፈነዳ። አመዱ አፍዴራ አካባቢ መንደሮችን ሸፈነ፤ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ በየመንና በኦማን በኩል እስከ ሕንድ ደረሰ፤ በረራዎችም ተስተጓጎሉ። የዓለም ዜና ሁሉ «ከ12 ሺህ ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈነዳ» አለ።

ይህን ዓረፍተ ነገር ቀረብ ብለን እንየው። የእሳተ ገሞራ መዝገብ የሚይዙ ተቋማት ያሉት፣ ሆሎሲን በሚባለው ባለፉት 12 ሺህ ገደማ ዓመታት ውስጥ ሃይሊ ጉቢ መፈንዳቱን የሚያሳይ መረጃ በእጃቸው እንደሌለ ነው። በጉዞ በኩል እጅግ አስቸጋሪ በሆነ፣ ጥቂት ተመራማሪ ብቻ በረገጠው በረሃ ውስጥ «መረጃ የለንም» ማለት «አልሆነም» ማለት አይደለም። እንዲያውም ፍንዳታው በተሰማ በቀናት ውስጥ አንዳንድ የእሳተ ገሞራ ተመራማሪዎች ይህን ያህል ዘመን ዝም ማለቱን እንደሚጠራጠሩ ተናገሩ። «አልተመዘገበም» የምትለዋ ቃል ከተመራማሪው አፍ እስከ ዜናው ርዕስ ባለው መንገድ ላይ «አልተከሰተም» ሆና ነበር።

እኔ እንደሚመስለኝ በአገራችን በሳይንስ ላይ ለሚነሳው አለመተማመን ትልቁ ምክንያት ይኸው ነው። ሳይንስ ብዙ ጊዜ የሚናገረው በ«ምናልባት» እና በ«እስካሁን ባለን መረጃ» ነው። እነዚህ ቃላት በመንገድ ላይ ይወድቃሉ። ሰው ዘንድ የሚደርሰው ያለ ቅድመ ሁኔታ የተነገረ ትልቅ ቃል ብቻ ነው። ያ ቃል ሲፈርስ «ድሮም አያውቁም» ይባላል።

ታዲያ ማወቁ ምን ይጠቅማል?

«ቀኑን ካላወቃችሁ ማወቃችሁ ለምን ይበጃል?» የሚል አንባቢ አይጠፋም። መልሱ እዚያው ድሬዳዋ አለ።

ሐምሌ 29 ለ30 ሌሊት 1998 ዓ.ም የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ከተማዋን ሲመታ ከ250 በላይ ሰው ሞተ። ዝናቡ የጣለው ከላይ በተራራው ነበር። አብዛኛውን ዓመት ደረቅ አሸዋ የሆነው ወንዝ በውድቅት ሌሊት የተኛውን ሰው ወሰደ። ያን ቀን ዝናብ እንደሚጥል የሚያውቅ አልነበረ ይሆናል። ነገር ግን በስምጥ ሸለቆ ገደል ስር ያለ ደረቅ ወንዝ አንድ ቀን እንደሚሞላ ለማወቅ ቀን መቁጠር አያስፈልግም። አሸዋው ራሱ ውሃ ያመጣው ነውና። ከዚያ በኋላ በወንዙ ዳርና ዳር የመከላከያ ግንብ የተሠራው የሚቀጥለው ጎርፍ ቀን ስለታወቀ አይደለም። እንደሚመጣ ስለታወቀ ነው።

የመሬት መንቀጥቀጡም እንዲሁ ነው። በነሐሴ 1898 ዓ.ም ከላንጋኖ አካባቢ የተነሳው አዲስ አበባን አናውጧል። በ1953 ዓ.ም የካራቆሬው ማጀቴን ክፉኛ ጎድቷል። በ1961 ዓ.ም አፋር ውስጥ ሰርዶ የምትባለው መንደር ፈርሳለች። የሚቀጥለው መቼ እንደሆነ አይታወቅም። እንደሚኖር ግን ይታወቃል። ለዚህ ነው የሕንፃ ደንብ ያስፈለገው። እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣው የአገራችን ደንብ ሕንፃዎች በመቶ ዓመት አንዴ ይደርሳል ተብሎ ለሚገመት መንቀጥቀጥ እንዲሠሩ ያዝ ነበር። በ2015 የተተካው ደግሞ በ475 ዓመት አንዴ የሚገመተውን ኃይለኛ መንቀጥቀጥ መነሻ አደረገ። ትርጉሙ «በ475ኛው ዓመት ይመጣል» አይደለም። በማንኛውም 50 ዓመት ውስጥ ከዚያ የሚበልጥ የመምጣት ዕድሉ ከአስር አንድ ነው ማለት ነው። ከአስር አንድ ይበላሻል የተባለ አውሮፕላን ላይ ማን ይሳፈራል?

እዚህ ላይ ነው ቁም ነገሩ። ስለ ነገ ማታ 9 ሰዓት ስንከራከር ያሳለፍናቸው ወራት፣ የምንኖርበት ፎቅ ብረቱ በልኩ ይሁን አይሁን ለመጠየቅ በቂ ጊዜ ነበሩ። እኔ ራሴ የማውቀው ሙያ ሆኖ እንኳ የሕንፃዬን ዲዛይን ለማየት የጠየቅሁት መንቀጥቀጡ ካለፈ በኋላ ነው። የጠየቅሁት ሰው ወረቀቱን እስካሁን አላገኘውም። መሬቱ ሲረጋ ጥያቄያችንም አብሮ ረጋ።

ለአዛውንቱ

ያን ቅዳሜ ሐርላ ላይ ይህን ሁሉ ለመናገር ጊዜም አቅምም አልነበረኝም። ዝም ስል ሽማግሌው አዘኑልኝ መሰለኝ፣ ጨዋታ ቀየሩ። በማሳው ዳር ወደሚታየው የፈረሰ ግንብ በምርኩዛቸው እያመለከቱ «እነዚህን ያነሱት ግዙፍ ሰዎች ናቸው፤ የድሮዎቹ ሐርላዎች። የዛሬ ሰው እንዲህ ያለ ድንጋይ አያነሳም» አሉኝ።

ይህ በአካባቢው ከትውልድ ወደ ትውልድ የመጣ አፈ ታሪክ ነው። አርኪዮሎጂስቶቹ በመቃብሩ ያገኟቸው አፅሞች ግን እንደ እኛው ያለ ቁመት የነበራቸው ሰዎች ናቸው። ኢንሶል ራሳቸው ይህን ለመንደሩ ሰው ቢያሳዩም ሙሉ በሙሉ እንዳላመኗቸው ለጋዜጠኞች ተናግረው ነበር።

«አባቴ፣ አፅሙን አውጥተው ለክተውት የለም እንዴ? እንደ እርስዎና እንደ እኔ ያለ ሰው ነው» አልኳቸው።

ጥቂት አሰቡና «ለክተውታል፣ አዎ። እኔም ቆሜ አይቻለሁ» አሉ። ቀጥለውም «ግን ሁሉንም መቃብር አልቆፈሩም» አሉኝ።

ጓደኛዬ በሳቅ ፈረሰ። እኔ ግን እየቆየ ሲገባኝ፣ ሽማግሌው የተናገሩት ከብዙዎቻችን የተሻለ ነው። ያዩትን አልካዱም፣ ያላዩትንም አላዩትም። የተለካው ይኸው ነው፤ ያልተለካውም ይኸው ነው ማለታቸው ነው። የእኔና የእሳቸው ልዩነት፣ እኔ ባልተቆፈረው መቃብር ውስጥም ግዙፍ ሰው ይገኛል ብዬ አልወራረድም። እንደ እነርሱ ያለ ሌላ ምስክር የለምና። በመሬቱ መለያየት ላይ ግን እወራረዳለሁ፤ ምስክሩ ብዙ ነውና።

ልንነሳ ስንል «ታዲያ ውቅያኖሱ ሲመጣ እኛ ከላይ ነን ከታች?» ብለው ጠየቁኝ።

ከገደሉ በላይ ስለሆኑ ባሕሩ አፋር ላይ ቢቀር ሐርላ ከዳር ሆና ትመለከተዋለች አልኳቸው። «አልሐምዱሊላህ፣ እንግዲያው መሬት አልሸጥም» ብለው መረቁን።

ቸር ይግጠመን!